በቅርቡ የሚከፈት ቤት

ቦንጋ ውስጥ ቡና ሲቀላ ሞግዚት ይጠፋል። ይህን ማንም አልነገረኝም። ተመድቤ ከሰሜን ሸዋ ስመጣ ስለ ዝናቡ የነገረኝ ነበር፤ ስለ ጭቃው የነገረኝ ነበር፤ ሳልጠይቀው ስለ ማሩ ያወራልኝም ነበር። ልጅ ይዞ እዚህ አገር ደመወዝተኛ ለሚሆን ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊነገረው የሚገባው ይኸው ነው። ቡናው መቅላት ሲጀምር በየቤቱ ልጅ የምትይዘው፣ ልብስ የምታጥበው፣ ወጥ የምትሠራው ሴት ሁሉ ወደ ቀበሌዋ ትመለሳለች። አይፈረድባቸውም። ቡናው የራሳቸው ነው፤ ካልሆነም የወንድማቸው ነው፤ ደርቆ ከመርገፉ በፊት መለቀም አለበት። እኛ ደመወዝተኞቹ ልጅ ታቅፈን በራችን ላይ ቆመን እንቀራለን።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ቢታ ገነት ነው። ስንጋባ «ዝውውር ቀላል ነው፣ ባልና ሚስት አይለያዩም» ያለን ሰው ነበር፤ ማን እንደነበር ባስታውስ ሄጄ የምነግረው ነገር ነበረኝ። ልጃችን ተወለደች፣ ጥርስ አበቀለች፣ ቆመች፣ ሄደች፤ ዝውውሩ ግን ባለበት ቆሞ ቀረ። ባለቤቴ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ልጅቷን የምትተውላት ሰው አልነበራትም። የተከራየችው አንዲት ክፍል ነው፤ ጎረቤቶቿም እንደ እሷው ተረኛ ነርሶች ናቸው። ጡት ካስጣለቻት በኋላ አንድ እሑድ ይዛት መጣችና «አንተ እኮ የምትሠራው ቀን ቀን ነው፤ ደግሞ ግቢያችን ውስጥ የሕፃናት ማቆያ አለ ብለኸኝ የለ?» አለችኝ። ብያታለሁ። ታፔላውን በዓይኔ አይቼው ነበር።

ታፔላው እውነት ነው። ከቤተ መጻሕፍቱ በስተጀርባ ካሉት ክፍሎች በአንደኛው በር ላይ «የሕፃናት ማቆያ» የሚል ተለጥፏል። በመስኮቱ አጮልቄ ሳይ ግን ውስጡ እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች እስከ ጣሪያው ድረስ ተቆልለውበታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው። ሴት ባልደረቦቼን «እናንተ ልጆቻችሁን ምን አድርጋችሁ ነው የምትሠሩት?» ብዬ ስጠይቃቸው አብዛኞቹ ሩቅ አገር ላሉ እናቶቻቸው ልከዋቸዋል። አንዷ ስልኳን አወጣችና የልጇን ፎቶ አሳየችኝ። «ይኸው፣ በፎቶ ነው የማሳድገው» አለች። እየሳቀች ስለነገረችኝ እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

እኔ በፎቶ አላሳድግም አልኩ። ግትር ነኝ፤ እናቴም ባለቤቴም ይህን ይመሰክራሉ። ለብዙ ጊዜ ጠይቄና አስጠይቄ ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ አንዲት ሴት አገኘሁ። ባላቸው ሞቶባቸዋል፣ ልጆቻቸው አድገዋል። እትዬ እላቸው ነበር። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ከእኔ ጋር ሲያወሩ ቆጥበው ነው፤ ከልጄ ጋር ግን በካፊኖኖ ቀኑን ሙሉ ሲያወጉ ይውላሉ። ምን እንደሚሏት ስለማላውቅ አንዳንዴ ቅናት ቢጤ ይሰማኝ ነበር። ልጄ ግን ወፈረች፣ ሳቋም ከሩቅ ይሰማ ጀመር። ማታ ስገባ እትዬ ጀርባ ላይ ተኝታ አገኛታለሁ፤ ቀስ ብዬ እቀበላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ማደሪያቸው ይገባሉ። ያ ጊዜ ደግ ጊዜ ነበር፤ እንደ ሁሉም ደግ ጊዜ ሲያልፍ ነው ያወቅኩት።

በመምህራን ክበብ ግን የቀልድ ማሟሻ ሆኜ ነበር። ከኪሴ በመሀረብ ፋንታ የሕፃን ካልሲ ከወጣ ወዲህ «ጋሼ ሞግዚት» የሚል ስም ወጥቶልኛል። አንዱ የሒሳብ አስተማሪ ሻይ እየጠጣ «ማጥባቱንስ እንዴት ነው የተወጣኸው?» ይለኛል። «አንተን ያሳደጉህ ከተወጡት እኔም እወጣዋለሁ» እለዋለሁ። ይስቃሉ። የእሱ ልጆች አዲስ አበባ ከእናታቸው ጋር ናቸው፤ ባለፈው ክረምት ሊጠይቃቸው ሄዶ ትንሹ «አጎቴ» ብሎ እንደጠራው ሌላ ሰው ነው የነገረኝ። ከዚያ በኋላ ሲቀልድብኝ መልስ መስጠት አስጠላኝ።

ከዚያ ቡናው ቀላ። እትዬ አንድ ማለዳ የልጄን ፀጉር እየፈቱ፣ ቀና ሳይሉ፣ «መምህር፣ እኔ መሄድ አለብኝ። ቡናዬ ደርሷል» አሉኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። የመንፈቀ ዓመቱ አጋማሽ ላይ ነን፣ ሌላ ሰው አላገኝም፣ እናቷ ሩቅ ናት፣ እባክዎ፣ አልኩ። ያውቃሉ፤ ሁሉንም ያውቃሉ። ፀጉሯን ፈትተው ሲጨርሱ ወንድማቸው ጋ መልእክት ላኩ፤ እሱ ለቅሞ እኩል ሊካፈሉ ተስማሙ። የዓመት ጉልበታቸውን ግማሽ ለእኔ ልጅ ብለው አሳልፈው ሰጡ ማለት ነው። ባለቤቴ በስልክ ስትሰማ አለቀሰች። «እኚህን ሴትዮ በምንም ነገር እንዳታስቀይማቸው» አለችኝ።

በዚያው ሰሞን «ከላይ ጎብኚዎች ይመጣሉ» ተባለ። ግቢው እንደሚዳር ሙሽራ ተያዘ። የድንጋዩ ጠርዝ ኖራ ተቀባ፣ ጉድጓዱ ተደፈነ፣ ለዓመታት ውሃ የማያውቀው የተማሪዎች ቧንቧ ለሁለት ቀን ፈሰሰ። የተሰበሩት ወንበሮች ከማቆያው ወጥተው ከጀርባ ተደበቁ። ግድግዳው ቢጫ ተቀብቶ አንበሳ ተሳለበት፤ አህያ የሚመስል አንበሳ ነው፤ ቢሆንም አንበሳ ነው። ምንጣፍ መጣ፣ ትንንሽ አልጋዎች መጡ፣ ኳሶች መጡ፣ አንድ የሚወዛወዝ ቀይ የፕላስቲክ ፈረስም መጣ። ሳልፍ አይቼ ቆምኩ። አንድ ነገር በዓይኔ ፊት እውነት ሲሆን ሳይ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ አላውቅም።

የሴቶች ጉዳይ ኃላፊዋ ደወሉልኝ። ደግ ሴት ናቸው፤ ይህን የምለው ለማማት እንዲመቸኝ አይደለም። «መምህር፣ ነገ ልጅዎን ያምጡልን። የሴቶቹ ልጆች ሁሉ እኮ ሩቅ ናቸው፤ ክፍሉ ባዶ ሆኖ ሊታይብን ነው» አሉ። ልጅ ስላልነበረ ነው ማቆያ የጠፋው ወይስ ማቆያ ስላልነበረ ነው ልጅ የጠፋው ብዬ ልጠይቃቸው ዳድቶኝ ነበር። ደስታዬ ግን በዝቶ «በደስታ» አልኩ። እትዬም አጥበው፣ ቅባት ቀብተው፣ እናቷ የላከችላትን ቀይ ሹራብ አለበሷት።

ሦስት ልጆች ነበሩ፤ የእኔዋ፣ የአንዲት የጽሕፈት ሠራተኛ ልጅ፣ ከከተማ የተዋሱት አንድ ሌላ ሕፃን። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ። ልጄ ጭብጨባው ለእሷ መስሏት እሷም አጨበጨበች። ከዚያ ፈረሱን አየችው። ሰው ሁሉ እየተጋፋ ሳለ በሰዎቹ እግር መካከል ሹልክ ብላ ሄዳ ወጣችበትና መወዛወዝ ጀመረች፤ ካሜራ የያዘው ሰው ተንበርክኮ ደጋግሞ አነሳት። እንዲያ ስትስቅ ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ጎንበስ ብዬ «ከነገ ጀምሮ እዚህ ነው የምትውይው» አልኳት። «የኔ ቤት ነው?» አለች። «አዎ፣ ያንቺ ቤት ነው» አልኩ። ከጎብኚዎቹ አንዱ ከበስተኋላዬ «ሥራ የሚጀምረው መቼ ነው?» ሲሉ ሰማሁ። «በቅርቡ» አሉ ኃላፊዋ። እኔ ያገሩ ልጅ ሳልሆን ቀርቼ አይደለም፤ ስንት ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ሆኜ «በቅርቡ» ማለት ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ። ያን ቀን ግን ነገ ማለት መሰለኝ።

ማታ ቤት ስገባ ለእትዬ ነገርኳቸው። «ማቆያው ተከፈተልን። ይሂዱ፣ ቡናዎን ራስዎ ይልቀሙ» አልኩ። ሰው መጥቀምን የመሰለ ኩራት የለም፤ ያን ማታ ኮርቼ ነበር። ደጋግመው ጠየቁኝ፤ ደጋግሜ «አይስጉ» አልኳቸው። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ፤ ለካ ስንት ቀን ቡናቸውን እያሰቡ ከእኛ ጋር ተቀምጠዋል። መርቀውን በማለዳ ሄዱ። ልጄ በር ላይ ቆማ እጇን አውለበለበች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔን ነው፤ ያውም ማለዳ ተነስቼ፣ ሸኝቼ፣ ለመንገድ ዳቦ ቋጥሬ ሰጥቼ።

በባጃጅ ግቢ ደረስን። ልጄ ከእጄ አፈትልካ ወደ ማቆያው ሮጠች። በሩ ተቆልፏል። ገና ማለዳ ስለሆነ ነው ብዬ ጠበቅኩ። ክፍለ ጊዜዬ ደረሰ፣ አለፈም። በዚያ የሚያልፍ አንድ ጥበቃ አየንና «ጋሼ፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አልኩት። «ንብረት ክፍል ነዋ። ትናንት እንግዶቹ እንደወጡ ቆልፈው ወሰዱት» አለኝ። በመስኮቱ አየሁ። ኳሶቹ በከረጢት ታስረዋል፣ አልጋዎቹ ግድግዳ ተደግፈዋል፣ ፈረሱ የመጣበት ላስቲክ ተመልሶ ተጠቅልሎበታል። ልጄን ከፍ አድርጌ አሳየኋት። «በርዶት ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ በርዶት ነው» አልኳት።

ኃላፊዋ ቢሮ ስገባ አላፈሩም፤ እንደኔው የተቸገሩ ሰው ነበሩ። «መምህር፣ ፕሮሰስ ላይ ነው» አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ክፍሉ አለ፣ ዕቃው አለ፣ ሞግዚት ግን መዋቅር ላይ የለችም። መደብ ሳይኖር መቅጠር አይቻልም። ሞግዚት ሳትቀጠር ደግሞ ዕቃውን የሚረከብ ሰው የለም፤ ተረካቢ ሳይኖር ንብረት ክፍል ቁልፍ አይሰጥም። መደቡ ከላይ እስኪፈቀድ እየተጠበቀ ነው። «ታዲያ ለምን ሪባን ተቆረጠ?» አልኩ። «የጎብኚዎቹ ቼክሊስት ላይ ማቆያ አላችሁ ወይ ነው የሚለው፤ ሞግዚት አላችሁ ወይ አይልም» አሉኝና ራሳቸው በራሳቸው አፍረው ወረቀት ማገላበጥ ጀመሩ። መቼ ይከፈታል ስላቸው «በቅርቡ» አሉኝ።

ደጋግሜ ስለሄድኩ የማቆያ አስከፋች ኮሚቴ አባል ተደረግኩ። እኛ ዘንድ የጮኸ ሰው ዝም የሚባለው በኮሚቴ ነው። ወላጆች እየተፈራረቅን እንጠብቅ፣ ዕቃውን እኔ በፊርማዬ ልረከብ፣ ዕቃው ይቅር ባዶ ክፍሉን ብቻ ስጡን፤ ያላልኩት የለም። ሁሉም ይመዘገባል፣ ሁሉም «ጥሩ ሐሳብ ነው» ይባላል። አንድ ቀን አንዱ አባል እጁን አወጣና «ደግሞ መመሪያው የሚለው ለሴት ሠራተኞች ነው። የመምህር ጉዳይ በልዩ ሁኔታ መታየት አለበት» አለ። ደሜ ፈላ። «ልጄን የወለድኳት በልዩ ሁኔታ አይደለም» አልኩና ትቼ ወጣሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ተመልሼ ገባሁ። ምን አማራጭ አለኝ? ውሃ ሲወቀጥም እኮ ሙቀጫው አጠገብ ሰው መቀመጥ አለበት።

ሰው ፍለጋም አላቆምኩም። በጭቃ ውስጥ ከቀበሌ ቀበሌ ዞርኩ፤ በየበሩ «ከቡና በኋላ» ተባልኩ። ስለዚህ ልጄን ክፍል ይዤ መግባት ጀመርኩ። ከኋላ ወንበር ላይ አንዲት ተማሪ ትቀበለኝ ነበር። ይህች ልጅ በዓመቱ መጀመሪያ ወልዳለች። መኝታ ክፍል ሕፃን አይገባም ስለተባለች ልጇን ገጠር እናቷ ጋ ትታ መጥታለች። ልጄን ስታቅፍ ጡቷ ያግታል፤ ሸሚዟ ሲረጥብ ደብተሯን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። እኔ ጥቁር ሰሌዳው ላይ እጽፋለሁ፤ ዞር ስል የሷን ዓይን አገኛለሁ። ሁለታችንም አንድ የተቆለፈ በር ፊት የቆምን ሰዎች ነን። አንድ ሰኞ ወንበሯ ባዶ ሆነ። ዊዝድሮው፣ የትምህርት ማቋረጫውን ቅጽ፣ ሞልታ ሄዳለች አሉኝ። ልጅ የሚያቅፍልኝ ስላጣሁ አዘንኩ፤ ለሷ ማዘኔ የመጣው ዘግይቶ ነው።

ልጄ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። ከእኔ ይልቅ እሷ ትብሳለች፤ በየማለዳው መጀመሪያ ማቆያው ጋ ካልሄድን አልቅሳ ትሞታለች። በሩን ትገፋለች፣ አይከፈትም። አቅፌ በመስኮቱ ፈረሷን አሳያታለሁ። «ደህና አደርክ?» ትለዋለች። ከዚያ በሰላም ትከተለኛለች። መንገድ ቀይሬ ላስረሳት ሞክሬ ነበር፤ ከሩቅ ጣሪያውን ለየችው። ልጅን አንዴ «ያንቺ ነው» ካሉት መልሶ «አይደለም» ማለት የሚቻልበትን ቋንቋ እኔ አላውቀውም፤ በማስተማር የምተዳደረው ሰውዬ።

የፈተና ሰሞን መጣ። ፈተና ሲሰጥ ልጅ ይዞ መግባት አይቻልም፤ ይህ ደንብ ልክ ነው፣ አልከራከርም። በር ላይ ላለው ጥበቃ፣ ለዚያው ጋሼ፣ አደራ ብዬ ጎጆው ውስጥ ተውኳት። ዝናቡ ድንገት ወረደ፤ የቦንጋን ዝናብ ላላየ ሰው መንገር ድካም ነው። መኪናዎች ለመግባት ጡሩንባ ነፉ፣ ጋሼ ሊከፍት ወጣ፣ ሲመለስ ልጅቷ የለችም። እኔ አዳራሽ ውስጥ ተማሪ እንዳይኮራረጅ እጠብቃለሁ። ፈተናው ሲያልቅ ወጥቼ የጋሼን ፊት ሳይ ምንም ሳይነግረኝ ወዴት መሮጥ እንዳለብኝ አወቅኩ። ማቆያው በር ላይ ቆማ ነበር። ጣሪያው ክፈፍ የለውም፤ ውሃው በቀጥታ ላይዋ ላይ ይወርዳል። ቀዩ ሹራብ ከገላዋ ጋር ተጣብቋል። አላለቀሰችም። «አንኳኳሁ» አለችኝ። «ፈረሱ አልከፈተልኝም።»

የዚያኑ ማታ አተኮሳት። በማግስቱ ትንፋሿ ማጠር ጀመረ፣ ሳንባ ምች ነው ተባለ፣ ሆስፒታል ተኛች። ባለቤቴ ከቢታ ገነት በተገኘው መኪና ተሳፍራ፣ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር መጣች። የምትለኝን ሁሉ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷ ትንፋሿ ሲስተካከል፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ የትንሿን እግር በእጇ እንደያዘች «እናቴ ጋ እወስዳታለሁ» አለች። እናቷ ሺሺንዳ ናቸው። «ማቆያው እኮ በቅርቡ…» ብዬ ጀመርኩ። ቀና ብላ አየችኝ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ልጄ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከስታለች፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። «የት ነው የምንሄደው?» አለችኝ። ባለቤቴ አንገቷን ደፋች። «አያትሽ እማማ ጋ ትቆያለሽ፤ ቤትሽ እስኪከፈት ነው» አልኳት። እንዳታለቅስ ብዬ ያልኩት ነው። አላለቀሰችም። ሚኒባሱ ሲነሳ እኔ ነኝ ሰው መሀል ቆሜ እንደ ሴት ወይዘሮ እንባዬን የማብስበት ነጠላ የምሻው። ባዶ ቤት ገብቼ ካልሲዋን ኪሴ ውስጥ አገኘሁ። ከዚያ በኋላ ስለነበሩት ጥቂት ሳምንታት ብዙ የማስታውሰው የለም።

ቡናው አልቆ እትዬ መጡ። ማር በቅጠል ጠቅልለው ይዘውላታል። ልጄ እንደሌለች ስነግራቸው በሩ ላይ ቁጢጥ ብለው ዓይናቸውን በነጠላቸው ያዙ። እኔ በልቤ ሌላ ነገር ማስላት ጀምሬ ነበር፤ እትዬ ከተመለሱ ልጄም ትመለሳለች። እሳቸው ግን የመጡት ሊሰናበቱን ነው። ሴት ልጃቸው ሺሺንዳ መንገድ ላይ ባለ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆናለች፣ ወልዳለች፣ ልጅ የሚይዝላት የለም። «የራሴ ልጅ ናት፣ ምን ላድርግ መምህር?» አሉ። ምን ይባላል? «ይሂዱ እንጂ» አልኩ። ማሩን ለልጄ እንድልክላት ሰጥተውኝ ሄዱ። በኋላም ሌላ ሞግዚት አግኝቼ ለባለቤቴ በስልክ ስነግራት «እስከ ቀጣዩ ቡና ድረስ ነው?» አለችኝ። ሴትዮዋን ሳልቀጥራት ቀረሁ።

ከዚያ ባነር ተሰቀለ። አንድ ማለዳ ከባጃጅ ስወርድ ዋናው በር ላይ ልጄ ቀይ ፈረስ ላይ ሆና እየሳቀች ታየችኝ። ከሰው ቁመት በላይ ናት። ከሥሯ «ለእናቶችና ለሕፃናት ምቹ ግቢ» ይላል። ጋሼ ከጎጆው ወጥቶ አጠገቤ ቆመና፣ እሱም ቀና ብሎ እያያት፣ «ታምራለች» አለኝ። ኃላፊዋ ጋ ሄጄ እንዲያወርዱት ልጠይቅ አስቤ ነበር። ሳልሄድ ቀረሁ። እውነቱን ልናገር፣ ቢወርድ የት ላያት ነው? ጠዋት በሥሯ እገባለሁ፣ ማታ በሥሯ እወጣለሁ። እኔም በፎቶ አሳዳጊ ሆንኩ።

በስልክ እንገናኛለን። አማቴ ደግ ናቸው፣ ልጄም ጤነኛ ናት፤ ገበያ ቀን ከሚሸጡት በቆሎ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጣ ትውላለች። ግን እማማ አማርኛ ብዙም አይናገሩም፣ ጎረቤቱም እንደዚያው። መጀመሪያ በሁለቱ ቋንቋ ግማሽ በግማሽ ታናግረኝ ነበር፤ ከዚያ አማርኛው እየሳሳ መጣ። አሁን ስደውል በካፊኖኖ ረጅም ነገር ትነግረኛለች፤ ትስቃለች፣ ትጠይቃለች፣ መልስ ትጠብቃለች። እኔ «እሺ የኔ እናት፣ እሺ» እላለሁ። ቋንቋው የእናቷ ነው፣ የአገሯ ነው፣ አያስከፋኝም። ሰዓቴን ሁሉ ሰው ሳስተምር ስውል እሷ የምትለኝን ሳልማር መቅረቴ ነው የሚያንገበግበኝ። ጀምሬአለሁ፤ ጭንቅላቴ እንደ ድሮው አይይዝም።

በያዝነው ዓመት አዲስ አስተማሪ ተመድባ መጣች። ሕፃን አዝላለች። በሩ ላይ አግኝታኝ ባነሩን እያሳየች «መምህር፣ ይህ ማቆያ በየት በኩል ነው? ባለቤቴ ሩቅ ነው፤ ምደባውን የተቀበልኩት ይህ አለ ስላሉኝ ነው» አለችኝ። ወደ ማቆያው ወሰድኳት። በመስኮቱ አየች። አንበሳው ሻጋታ ይዞታል፤ ፈረሱ ላስቲኩ ውስጥ ነው። ልጇ ከጀርባዋ ሾልካ ልትወርድ ተፍጨረጨረች። «መቼ ነው የሚከፈተው?» አለች። «አትጠብቂ» አልኳት። «ከቡና በፊት ሰው ፈልጊ፤ ባነሩ ላይ ያለችው ልጅ የኔ ናት፤ ሺሺንዳ ነው ያለችው» አልኳት። ፊቷ ጠቆረ። ጨካኝ መስዬ ታየኋት መሰለኝ። በዚያ ግቢ ውስጥ ለአንድ ወላጅ እውነቱን የነገርኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ገረመኝ።

ቅዳሜ ሺሺንዳ ሄድኩ። ልጄ ከሩቅ አየችኝና እማማ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀች። አድጋለች። ቀዩ ሹራብ አሁን እጁ ክርኗ ጋ ነው። ማር፣ ብስኩት፣ ትንሽ ኳስ አመጣሁላት፤ ኳሱን በእግሯ ነካ አድርጋ ትታው ሄደች። እማማ በካፊኖኖ ተቆጧት፣ «አባትሽ ነው» የሚሏት ይመስለኛል። ከሰዓት በኋላ ቀስ በቀስ እየተጠጋች መጥታ ጉልበቴ ላይ ተደገፈች። እንዳትሸሽብኝ ብዬ አልነካኋትም። ፊቴን ለብዙ ጊዜ አየችው፤ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ የረሳችውን ነገር የምትፈልግ ትመስላለች። ከዚያ ጥርት ባለ አማርኛ፣ አንዲት ፊደል ሳትስት፣ «ቤቴ ተከፈተ?» አለችኝ።

ከአማርኛዋ ሁሉ ያቺን ይዛ ቆይታለች። የመኪናው ሾፌር ጡሩንባ እየነፋ ነው፤ ወደ ቦንጋ የመጨረሻው ነበር። ለአንዲት ለማላውቃት ሴት እውነቱን በአንድ ትንፋሽ የነገርኩት ሰውዬ አፌን ከፈትኩ።

«በቅርቡ» አልኳት።

እኔ ያን ቀን ኃላፊዋን እንዳመንኳቸው አመነችኝ። ኳሷን አንስታ ሄደች።